የሕፃናትን አንጎል ሳይከፍቱ ስለ ማየት



ሐኪም የሆድን ሕመም በእጁ ዳስሶ፥ የደረትን ሕመም በጆሮው አዳምጦ ይረዳል። አንጎል ግን በአጥንት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ አይዳሰስም፤ አይደመጥምም። ታማሚው ሕፃን የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የቱ ጋ እንደሚያመውና ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ተናግሮ ሊያስረዳ አይችልምና። ስለዚህ የሕፃናት አንጎል ሕክምና ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ የማየት ታሪክ ነው። ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ውስጡን ለማየት የተደረገው ትግል ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ በዚሁ ትግል ውስጥ ገብቶ ከሐኪሙ ጐን ቆሟል። በዚህ ንግግራችን የምናወሳው ይህንኑ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

በ1886 ዶክተር ቪክቶር ሆርስሊ የተባሉት እንግሊዛዊ በለንደን ከተማ፥ በኩዊን ስኩዌር ሆስፒታል፥ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ቀረበላቸው። ይህ ሰው የ7 ዓመት ልጅ ሳለ በመንገድ ላይ ጋሪ ገጭቶት የራስ ቅሉ ተሰብሮ ነበር፤ ኋላም የሚጥል በሽታ አደረበት። በዚያን ጊዜ ራጂ ገና አልተገኘም። ሐኪሞቹ እንደ ካርታ የተጠቀሙበት መንቀጥቀጡን ራሱን ነበር። ሂዩሊንግስ ጃክሰን የተባሉት ሊቅ ብዙ ዓመት ሕሙማንን ሲመለከቱ ኖረው፥ መንቀጥቀጡ ከየትኛው የአካል ክፍል እንደሚነሣና ወዴት እንደሚዘልቅ አስተውለው ነበር። መንቀጥቀጡ ከአውራ ጣት የጀመረ እንደ ሆነ፥ አውራ ጣትን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ታሟል ማለት ነው። ሆርስሊ በዚህ ምልክትና በአሮጌው ስብራት ተመርተው የራስ ቅሉን ከፈቱ፤ በአንጎሉ ላይ የነበረውን ጠባሳም አግኝተው ቆርጠው አወጡት።

ሥራው በዘመኑ እጅግ ተደነቀ፤ መደነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ወጣት ከብዙዎቹ መሰሎቹ የተሻለ ዕድል ነበረው ማለት ይገባል። የራስ ቅሉ መሰበሩ በውጭ ይታወቅ ነበርና። በውጭ ምንም ምልክት የሌለው፥ ነገር ግን በየቀኑ የሚወድቅ ልጅ ቢመጣ ሐኪሙ ወዴት ይከፍታል? ይህ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ያለ መልስ ቆየ።

በ1895 ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ባገኙ ጊዜ ብዙ ሰዎች ምሥጢሩ ሁሉ የተገለጠ መስሏቸው ነበር። ራጂ አጥንትን አጥርቶ ያሳያል፤ አንጎልን ግን ጨረሩ ያለ ልዩነት ያልፈዋል። ከሥዕሉ ላይ የራስ ቅሉ ግድግዳ ይታያል፤ በውስጡ ያለው አይታይም።

ይህን መጋረጃ በከፊል የገለጡት በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊው ዶክተር ዎልተር ዳንዲ ናቸው። ሥራቸውን ለመረዳት ስለ አንጎል ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በአንጎል ውስጥ አራት ጓዳዎች አሉ፤ በነዚህም ጓዳዎች እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይመነጫል። ፈሳሹ በጠባብ መተላለፊያ ወጥቶ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ይከብባል፤ በመጨረሻም ወደ ደም ይመለሳል። መተላለፊያው የተዘጋ እንደ ሆነ ጓዳዎቹ ይነፋሉ፤ የሕፃኑም ራስ ከልክ በላይ ያድጋል። ዳንዲ ከሥራ ባልደረባቸው ከኬኔት ብላክፋን ጋር ሆነው ይህን ከ1913 ጀምሮ በምርመራ አስረዱ። የመዘጋቱ ምክንያት ታወቀ፤ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ የተዘጋው የቱ እንደ ሆነ ግን ማየት አልተቻለም ነበር።

ለማየት ምክንያት የሆናቸው አየር ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሰው በከተማ ባቡር ተገጭቶ የራስ ቅሉ ሲሰነጠቅ አየር ወደ አንጎሉ ጓዳዎች ገብቶ ስለነበረ በራጂው ሥዕል ላይ ጓዳዎቹ ጐልተው ታይተው ነበር። ሌሎች እንደ እንግዳ ነገር ተመልክተው ያለፉትን ዳንዲ መሣሪያ አደረጉት። በ1918 የጓዳውን ፈሳሽ ጥቂት በጥቂት እየቀዱ በቦታው አየር በማስገባት ራጂ ማንሣት እንደሚቻል አሳተሙ። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቻቸው ሕፃናትና ልጆች ነበሩ። ለዚህም ምክንያት አለው፤ በሕፃን ራስ ላይ አጥንቱ ገና ያልገጠመበት እርግብግቢት አለና መርፌው አጥንት ሳይበሳ በዚያ በኩል ይገባል። ተለቅ ላለ ልጅ ግን አጥንቱ መበሳት ነበረበት።

አየር ምን ጊዜም ወደ ላይ ይወጣል፤ ብርሌውን ቢያዘነብሉት የአየሩ ከረጢት ወደ ላይኛው ጐን እንደሚሄድ ያለ ነው። ስለዚህ የልጁን ራስ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፥ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፥ አንድ ጊዜ ወደ ጐን እያዞሩ ሥዕሉን ያነሡ ነበር። በ1919 ዳንዲ አየሩን በወገብ በኩል ማስገባትን ጨመሩበት። ጓዳው ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ የታየ እንደ ሆነ በዚያኛው ወገን ዕጢ አለ ማለት ነው። እንግዲህ ሐኪሙ የሚያየው አንጎሉን አልነበረም፤ የአንጎሉን ጓዳ ጥላ ተመልክቶ ስለ ግድግዳው ይገምት ነበር እንጂ።

የዚህ ዕውቀት ዋጋ የተከፈለው በልጆቹ ሥቃይ ነው። አየሩ ከገባ በኋላ ብርቱ ራስ ምታትና ትውከት ለቀናት ይቆያል፤ በምርመራው ምክንያት የሞቱም ነበሩ። በኋለኞቹ ዓመታት ልጁን በወንበር ላይ አስረው ወንበሩን በሙሉ የሚገለብጡበት መሣሪያ እስከ መሠራት ተደርሷል። ይህን ስናነሣ ዳንዲን ለመንቀፍ አይደለም። ከእሳቸው በፊት የነበረው ምርጫ በግምት መክፈት ወይም ልጁ ሲሞት መመልከት ብቻ ነበርና ሥራቸው የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል። ይሁን እንጂ ከ50 ዓመት በላይ በዓለም ሆስፒታሎች ሁሉ ይሠራበት የነበረው መንገድ ይህ መሆኑን የዛሬው ትውልድ ሊያስታውሰው ይገባል።

ለውጡ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ኢ ኤም አይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በሙዚቃ ሸክላ ነበር። በዚሁ ኩባንያ መሐንዲስ የነበሩት ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ አንድ ነገር አሰቡ። ጨረሩን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ከመልቀቅ በራስ ዙሪያ ከብዙ አቅጣጫ ቢለቁት፥ በየአቅጣጫው ምን ያህሉ እንዳለፈ ቢለኩና ልኩን ሁሉ ለኮምፒዩተር ቢሰጡት፥ በራስ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ ምን ያህል ጨረር እንዳስቀረች በሒሳብ ይታወቃል። በጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን ዳርቻ በሚገኘው በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ዶክተር ጄምስ አምብሮዝ አንዲት በአንጎልዋ ዕጢ የተጠረጠረባትን ሴት በዚህ መሣሪያ መረመሩ። ልኩ የተቀዳበት ቴፕ ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር ተወስዶ ከተሰላ በኋላ ሥዕሉ መጣ፤ ዕጢውም ታየ። ሥዕሉ በስፋቱ 80፥ በቁመቱም 80 ነጥብ፥ በጠቅላላው 6,400 ነጥብ ነበረው። ዛሬ በእጅ ስልክ ከሚነሣው ፎቶግራፍ ጋር ቢነጻጸር እጅግ ሻካራ ነው፤ የአንጎልን ሥጋ ራሱን ግን ያለ መርፌና ያለ አየር አሳየ። ሃውንስፊልድ፥ ሒሳቡን አስቀድመው ካሰቡት ከደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ከአለን ኮርማክ ጋር በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

እዚህ ላይ አድማጮቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንፈልጋለን። ሲቲ ስካን የተባለው ይህ ሥዕል በብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ኮምፒዩተር በሒሳብ የሠራው ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር በሐኪም ሥራ ገባ እያሉ የሚገረሙ ሰዎች ይህ ከ1971 ጀምሮ የሆነ መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነበር። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ የሃውንስፊልድ ኮምፒዩተር ሥዕሉን ሠርቶ ለሐኪሙ ዐይን ያቀርብ ነበር እንጂ ስለ ሥዕሉ አሳብ አይሰጥም ነበር። የዛሬው አሳብ ይሰጣል።

ሲቲ ስካንም ቢሆን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ2012 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት በልጅነታቸው የተመረመሩትን ከ170,000 በላይ ሰዎች ተከታትሎ፥ ጨረሩ የደም ካንሰርንና የአንጎል ዕጢን አደጋ በጥቂቱ እንደሚጨምር አመለከተ። ግምቱ ከ10 ዓመት በታች ሆነው ራሳቸውን ከተመረመሩ 10,000 ልጆች በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ውስጥ በደም ካንሰር አንድ፥ በአንጎል ዕጢም አንድ ተጨማሪ ታማሚ ይገኛል የሚል ነው። ልኩ ትንሽ ነው፤ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ምርመራውን የሚያስቀር አይደለም። በሌላ ወገን በ1973 ፖል ላውተርበር የጀመሩት፥ ፒተር ማንስፊልድም ያሳደጉት በማግኔት ኀይል የሚሠራው ኤም አር አይ እንዲህ ያለ ጨረር የለውም። የርሱ ችግር ጊዜ ነው። ልጁ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይንቀሳቀስ በሚጮኽ ዋሻ ውስጥ መተኛት አለበት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ይህን ስለማያደርግ በመድኃኒት ያስተኙታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተሰማራባቸው ሥራዎች አንዱ ጥቂት ልክ ብቻ ተወስዶ የቀረው በኮምፒዩተር እንዲሞላ በማድረግ ይህን ጊዜ ማሳጠር ነው።

አሁን በ1886 ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ፤ በውጭ ምልክት የሌለው፥ ነገር ግን በየቀኑ የሚወድቅ ልጅ።

ሃውንስፊልድ መሣሪያቸውን በሞከሩበት በዚያው በ1971፥ በዚያችው በለንደን ከተማ፥ ዶክተር ዴቪድ ቴይለርና ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ማሪ ፎልክነር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በሚጥል በሽታ ከተሠቃዩ 10 ሕሙማን ተቆርጦ የወጣውን የአንጎል ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፥ በዐይን ሲያዩት ደኅና የሚመስለው ቦታ በውስጡ ሥርዓታቸውን ባልጠበቁና ከልክ በላይ በገዘፉ ሕዋሳት የተሞላ ሆኖ አገኙት። ልጁ በማሕፀን ሳለ አንጎሉ ሲሠራ ያ ቦታ በደንብ አልተደረደረም ማለት ነው። መድኃኒት የማይመልሰው የብዙ ልጆች የሚጥል በሽታ ከዚህ የሚነሣ መሆኑ ታወቀ። ቦታው ተቆርጦ የወጣ እንደ ሆነ ብዙዎቹ ይድናሉ። ነገር ግን ቦታው አንዳንድ ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው፤ ኤም አር አይ ላይም የአንጎሉ ቅርፊት በጥቂቱ መወፈሩ ወይም የነጩና የግራጫው ክፍል ድንበር መደብዘዙ ብቻ ይታያል። ስንት ወላጆች የልጃቸው ሥዕል ደኅና ነው፥ ምንም አልታየም ተብለው ተመልሰዋል! ምንም ካልታየ ደግሞ ሐኪሙ የሚቆርጠው የለውም።

በ2025 በኪንግስ ኮሌጅ ለንደንና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ የተደበቀ ቦታ የሚፈልግ መሣሪያ ውጤት አሳተሙ። መሣሪያው የተማረው ከ23 የሕክምና ማዕከሎች ከተሰበሰበ የ1,185 ሰዎች ሥዕል ሲሆን 703ቱ ይህ ሕመም ያለባቸው፥ 482ቱ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የተወሰዱ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ የልጆች ሥዕል ነበር። እንዴት ተማረ ቢባል፥ ነገሩ በመዝገብ ቤት ብዙ ዘመን እንደ ኖረ ሹም ነው። እንዲህ ያለው ሹም በሺህ የሚቈጠር ማኅተም አይቷልና አንድ የሐሰት ማኅተም ሲቀርብለት ሕጉን ከመጥቀሱ በፊት ዐይኑ ይነግረዋል። መሣሪያውም የቅርፊቱን ውፍረት፥ የእጥፋቱን ቅርጽና የድንበሩን ጥራት ከሺህ ሥዕል ጋር እያስተያየ እንግዳውን ቦታ ያመለክታል። የራጂ ሐኪሞች ሳያዩዋቸው ካለፏቸው ከነዚህ የተደበቁ ቦታዎች ውስጥ ከመቶ 64ቱን አገኛቸው። ከነዚህም አንዱ በየቀኑ የሚወድቅና 9 ዓይነት መድኃኒት ሞክሮ ያልተሻለው የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሁለተኛውን ቍጥር ሳንናገር ብናልፍ አድማጮቻችንን ማታለል ይሆናል። መሣሪያው እዚህ ነው ብሎ ካመለከታቸው ሦስት ቦታዎች እውነተኛ የሆኑት ሁለቱ ግድም ናቸው። ሦስተኛው ደኅና የሆነ የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ መሣሪያው ያመለከተውን ከመንቀጥቀጡ ዓይነትና ከአንጎሉ የኤሌክትሪክ ምርመራ ጋር ማመሳከር ግድ ይሆንባቸዋል፤ ይኸውም ጃክሰን ካርታ አድርገው ወደ ተጠቀሙበት ወደ መንቀጥቀጡ ምልክት መመለስ ነው።

የሕፃናት ነገር ደግሞ ለኮምፒዩተር የተለየ ፈተና አለው። የትልቅ ሰው አንጎል ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ የሕፃን ግን በየወሩ ይለወጣል። በኤም አር አይ ሥዕል ላይ ነጩና ግራጫው ክፍል በተወለደ ሰሞን የሚታዩበት መልክ ከትልቅ ሰው የተገላቢጦሽ ነው፤ ስድስት ወር ግድም ሲሆነው ሁለቱ ተመሳስለው ሊለዩ ያስቸግራሉ፤ ከዚያም በኋላ የትልቅ ሰውን መልክ ይይዛሉ። በትልልቅ ሰዎች ሥዕል ብቻ የተማረ መሣሪያ ለሕፃን ሲቀርብ ጤናውን ሕመም፥ ሕመሙንም ጤና ሊለው ይችላል።

ቢላዋው ከተነሣ በኋላስ? በሆላንድ አገር በዩትሬክትና በአምስተርዳም ያሉ ሐኪሞች በ2023 ያሳተሙት ሥራ በዚህ ረገድ ሊነገር የሚገባው ነው። በልጅ አንጎል ውስጥ ዕጢ ሲገኝ ቀዶ ጥገና ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ምን ያህሉን ላውጣ የሚለው ነው። አንዳንዱ ዓይነት ዕጢ እስከ መጨረሻው ካልወጣ ተመልሶ ይገድላል። ሌላው ግን ጥቂት ቢቀርም በመድኃኒትና በጨረር ሊታከም ስለሚችል፥ የመጨረሻዋን ቅንጣት ለማውጣት መታገሉ ጥቅሙ ያነሰ ነው። ትግሉ ደግሞ አደጋ አለው። ከማጅራት በላይ ካለው ከአነስተኛው አንጎል ዕጢ ከወጣላቸው ልጆች አንዳንዶቹ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ንግግራቸው ይጠፋል፤ እናታቸው ብትጠራቸው ያዩአታል እንጂ አይመልሱላትም። ንግግሩ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቢመለስም እንደ ቀድሞው ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ሐኪሙ የዕጢውን ዓይነት በቶሎ ቢያውቅ የሚደፍረውንና የማይደፍረውን ይለይ ነበር፤ የተሟላው የላቦራቶሪ መልስ ግን ከቀናት ወይም ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ነው።

የሆላንድ ሐኪሞች ልጁ በጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ ከዕጢው ጥቂት ቈርጠው በዘር ቅንጣቱ ላይ ያለውን ኬሚካዊ ምልክት በፍጥነት የሚያነብ መሣሪያ ውስጥ አገቡት፤ የተነበበውንም ስተርጀን የተባለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲፈርድበት አደረጉ። በ25 ቀዶ ጥገናዎች ላይ ተሞከረ፤ መልሱ ከ90 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መጣ። በ18ቱ ትክክለኛውን ዓይነት ተናገረ። በቀሩት 7 ግን የተወሰነለትን የመተማመኛ ልክ ስላላገኘ ፍርድ ሳይሰጥ ቀረ። እኛ ከ18ቱ ይልቅ የምናከብረው እነዚህን 7 ነው። የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ የሚናገር ረዳት ለቀዶ ጥገና ሐኪም ከረዳት አልባነት የከፋ ነውና።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ወደ አህጉራችን፥ ወደ ምሥራቅ ኡጋንዳ እንምጣ። በምባሌ ከተማ በ2001 የተከፈተው የሕፃናት ሆስፒታል ራሳቸው በፈሳሽ የተነፋ እጅግ ብዙ ሕፃናትን ያክማል። በሌላ አገር ለዚህ ሕመም የተለመደው ሕክምና ፈሳሹን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ ማስገባት ነው። ቱቦው ግን ይደፈናል፤ ሲደፈንም በቶሎ ካልተለወጠ ልጁ ይሞታል፤ ከሆስፒታሉ ሁለትና ሦስት ቀን በሚያስኬድ መንገድ ለሚኖር ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያሻም። አሜሪካዊው ዶክተር ቤንጃሚን ዎርፍ በዚያ ሆስፒታል በቀጭን መመልከቻ ወደ ጓዳው ገብተው ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚከፍቱበትን፥ ፈሳሹን የሚያመነጨውንም ክፍል በእሳት የሚቀንሱበትን መንገድ አስፋፉ። መውጫ መክፈቱ አዲስ አሳብ አልነበረም፤ ዶክተር ዊልያም ሚክስተር በ1923 በቦስተን ለአንድ የ9 ወር ሕፃን አድርገውት ነበር። በ2017 በታተመው የኡጋንዳ ጥናት በ100 ሕፃናት ላይ ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ፥ ከአንድ ዓመት በኋላ በልጆቹ የአእምሮ ዕድገት መካከል የጐላ ልዩነት አልተገኘም።

በዚሁ ሆስፒታል የተነሡ ሥዕሎችን መሠረት አድርጎ በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ነው ለዛሬው ነገራችን ዋና የሆነው። አሳቡ ርካሽና አነስተኛ የማግኔት መሣሪያ ለድኻ አገር ይጠቅማል ወይ የሚል ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሥዕሉ ሻካራ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ሻካራውን አለስልሶ ያሳምረዋል። ተመራማሪዎቹ ሥዕሎችን ሆን ብለው አደብዝዘው፥ እንደ ገና በኮምፒዩተር አሳምረው፥ ልምድ ላላቸው ሐኪሞች አቀረቡ። ሻካራው ሥዕል እንኳ ለዚህ ቀዶ ጥገና ዕቅድ ሊበቃ እንደሚችል ታወቀ። የተዋቡት ሥዕሎች ግን አንዳንድ ጊዜ በልጁ ራስ ውስጥ የሌለ ቅርጽ የተሳለባቸው ሆነው ተገኙ። ኮምፒዩተሩ የጐደለውን የሞላው ከዚህ ልጅ አንጎል ሳይሆን ቀድሞ ካያቸው ከሌሎች ልጆች አንጎል ነበር። ሻካራ ሥዕል የማያውቀውን በሻካራነቱ ይናዘዛል፤ የተዋበው ግን አያስጠረጥርም።

በአገራችንም በፈሳሽ ራሳቸው የተነፋና ኅብለ ሰረሰራቸው ክፍት ሆኖ የተወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ከበርገን ሐኪሞች ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበረበት።

ለነዚህ ሕፃናት ውድ መሣሪያ ባይኖር እንኳ ለእርጉዝ ሴቶች በሚሠራበት በአልትራሳውንድ ጓዳዎቹ መስፋታቸውን ማየት ይቻላል። ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ ጨረርም የለውም። መሣሪያው የሚቀመጠው ዳንዲ በ1918 መርፌያቸውን ባስገቡበት በዚያው በእርግብግቢት ላይ ነው። በር የሆነው ይህ ቦታ ግን በጤናማ ልጅ አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላው ግድም ይገጥማል፤ ራሱ በተነፋ ልጅ ቢዘገይም፥ አንጎሉ እስከዚያ ድረስ የተጨነቀበትን ጊዜ የሚመልስ ሐኪም የለም።